የመዓለም ቡሽታ ጉልበትና የእርግብ ኩስ

በፌዝ ከተማ መጽሐፍ እየደጎስኩ እኖራለሁ። ለድጉስ የሚሆን የፍየል ሌጦ የምወስደው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከቆዳ አልፊዎቹ አለቃ ከመዓለም ቡሽታ፤ «መዓለም» በእኛ ዘንድ የሙያ ሊቅ ማለት ነው። እጃቸውን ወደ ገንዳው ሰደድ አድርገው ሌጦው ስንት ሰዓት እንደቀረው ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱም አይቼ አላውቅም። በገዛ ጉልበታቸው ሲሳሳቱ ግን አይቻለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ገንዳዎቹ ስወርድ ደረጃው ላይ የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሉብናን አገኘኋት። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። ፊቷ ቅጭም ብሏል።

«ሲ ድሪስ፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በአክብሮት «ሲ» ብላ። «ሐኪሙ ለአጎቴ የቁርጥማት ክኒን ካዘዘላቸው ወር ሆነ፤ አንድም አልዋጡ። ይባስ ብለው ዛሬ ከቀትር በኋላ ጉልበታቸውን በጋለ ብረት ሊተኮሱ ቀጥረዋል። ሐኪሙ እኮ እንዲህ ከቀጠሉ ይህን ደረጃ መውረድ ያቅታቸዋል ብሏል።»

አብረን ወረድን። መዓለም ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ገንዳ ውስጥ ሌጦ ይረግጣሉ። ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ቀልቷል። ሲያማቸው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ እንጂ አያቆሙም።

«አጎቴ፣ ኧረ በፈጠረዎት ይውጡ!»

«ለምን እወጣለሁ? ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ እንደ ደረቅ ሌጦ ግትር ነው። ደረቅ ሌጦ በምን ይለሰልሳል? በመርገጥ! አርባ አምስት ዓመት የኖርኩበትን አንቺ ልታስተምሪኝ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ለእኔም ልክ መስሎኝ ነበር። ሉብና ግን አልተከራከረችም። ገንዳው አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላ እንደ ተማሪ መጠየቅ ጀመረች፤ ይህቺ ልጅ ብልኅ ናት።

«እሺ አጎቴ፣ ያስተምሩኝ። ሌጦው ከኖራ ወጥቶ የእርግብ ኩስ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?»

«ይላላል። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል።»

«ሁለት ሳምንት ቢቆይስ?»

«ምን ነካሽ! ጣትሽ ያልፍበታላ! ኩሱ ውስጥ እኮ ጥርስ የሌለው በላተኛ አለ፤ አባቴ እንዲያ ነበር የሚለው።»

«አያቴ አልተሳሳቱም። ያ በላተኛ በትምህርት ቤት ኢንዛይም ይባላል። የእርስዎም ጉልበት ውስጥ አለ።»

መዓለም መርገጣቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ ድሪስ? ጉልበቴ ውስጥ እርግብ ሰፍሯል ትለኛለች!»

ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ግን አልለቀቀቻቸውም።

«አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ልባስ አለ። እንደ ሌጦ በክር የተሸመነ ነው፤ በክሮቹ መካከል ደግሞ ውሃ የሚይዝ ነገር አለ። ሰውነታችን አሮጌውን የሚያነሱለት ጥቂት በላተኞች ይሠራል፤ የሚያግዷቸውንም ይሠራል። መገጣጠሚያው ሲቆጣና ሲያብጥ ግን በላተኞቹ ይበዛሉ፣ አጋጆቹም ያንሳሉ። ያን ጊዜ አንዱ ውሃ ያዡን ይበላል፣ ሌላው ክሩን ይቆርጣል።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ መዓለም። ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ሥራ ሲሰማ ደስ ይለዋል። «አንዱ ያላላል፣ አንዱ ይቆርጣል! የእኛው ገንዳ እኮ ነው። ታዲያ ብረቱ አያቃጥላቸውም?»

«ብረቱ የሚያቃጥለው ላይኛውን ቆዳ ነው፤ እነሱ ያሉት ከውስጥ ነው።»

ይህን ብላ ከጥጉ ገንዳ አንድ ሌጦ መዘዘች። ባለፈው መዓለም ታመው ሲተኙ ኩስ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ነው። አምጥታ እግራቸው ሥር ጣለችው።

«ይርገጡት።»

«ይሄንን? አብደሻል? የተበላ እኮ ነው፤ ብረግጠው ብጥስጥስ...»

ዓይናቸው ከሌጦው ወደ ጉልበታቸው ሄደ። እጃቸውን ዘርግተው፣ «ደግፈኝ» አሉኝ። አውጥቼ አስቀመጥኳቸው።

«እኔው በእግሬ ስበጥሰው ከረምኩ በይኛ» አሉ በቀስታ። «ለምን ክኒኑ የታዘዘ ዕለት እንዲህ አልነገርሽኝም?»

«ጥፋቱ የኔም ነው። ያኔ የነገርኩዎት በመጽሐፍ ቋንቋ ነበር፤ እርስዎም አንቀላፉ።»

«ክኒኑ የተበላውን ይመልሳል?»

«አይመልስም አጎቴ፣ አልዋሽዎትም። ቁጣውን ያበርዳል፤ ሲበርድ በላተኞቹ ይቀንሳሉ፣ የቀረውም ይተርፋል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ሂዱ፣ ተራመዱ ይልዎታል።»

መዓለም እጃቸውን አጠገባቸው ወዳለው ረጅም ቀሚሳቸው፣ ወደ ጀላባው ቆብ ሰደዱ። ለካ ክኒኖቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። «በሳምንት አንዴ አይደል ያለው? እንግዲህ ቀኑ ሐሙስ ይሁን» ብለው አንዱን በውሃ ዋጡ። ከቀትር በኋላ በጋለ ብረት ሊተኩሳቸው የመጣውንም ሰው አመስግነው፣ ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ጉልበታቸው የጎረምሳ ጉልበት አልሆነም። እብጠቱ ግን ጎደለ፤ ክኒኑ ጉዳት እንዳያመጣ በየጊዜው ደማቸውን ያስመረምራሉ፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወርዳሉ። መርገጡን ለሌሎች ትተው እጃቸውን ወደ ገንዳው ይሰዳሉ፤ ያ የማይሳሳት እጅ ከሥራው አልተለየም። ሐኪም ዘንድ በጊዜ መሄድ ይህን ያህል ያተርፋል፤ ዘግይቶ የሄደ ግን የተበላውን አያገኘውም።

ያንን የተበላ ሌጦ በራቸው ላይ ሰቅለውታል። ቆዳ አልፊ ሁሉ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ሲመጣ ያወርዱና እግሩ ሥር ያነጥፉለታል።

«ርገጠው» ይሉታል።

«መዓለም፣ ይህማ ይበጠሳል!»

«ታዲያ ለሌጦው ያዘንከውን ያህል ለራስህ እዘንና፣ ተነስ፣ ሆስፒታል ሉብና ዘንድ ልውሰድህ» ይሉና ቀድመውት ደረጃውን ይወጣሉ።