በአንድ እጅ የሚተኮስ

ስሙኝማ! በደርግ ጊዜ አርሲ ነገሌ ውስጥ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። አንድ ቀን ከባላባቶች የተወረሱ ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው "ምረጡ!" ተባልን። የእኔን ግራ እጅ የወፍጮ ቤት ቀበቶ በልቶት የቀሩኝ ሁለት ጣቶች ናቸው። ወንዶቹ ቀለል ቀለል ያሉትን ተሻሙ፤ እነሱን ማቀባበል ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እኔ ማንም ያልነካውን፣ ማግነም የሚሉትን ከባድ ሽጉጥ አነሳሁ። ጥይቶቹ እንደ ጎማ በሚዞር ቋት ውስጥ የተሰኩ ናቸው፤ ምላጩን ብቻ ስትስቡት ራሱ ተወጥሮ ራሱ ይተኩሳል።

ሊቀመንበራችን ሳቁብኝ። "ጓድ አስቴር፣ ይሄ አንቺን ራስሽን አሽቀንጥሮ ይጥልሻል! ይልቅ ሻይ አፍዪልን። አጥሩ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ያልመታ መሣሪያውን ይመልሳል!"

ተሰለፍን። ለካ ጥይቱ ሁሉ አሮጌ ኖሯል፤ የሁሉም ቀጭ እያለ ከሸፈ። የእኔም ከሸፈ! ወንዶቹ የከሸፈውን ለማውጣት ሲታገሉ፣ እኔ ምላጩን ደግሜ ሳብኩት። ቋቱ ዞረ፣ ሌላ ጥይት መጣ፣ ድው! ክንዴ ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ ቆርቆሮው ግን አጥሩ ላይ የለም። "ጃባዱ! በርቺ!" ብሎ ጮኸልኝ አጠገቤ የቆመው ጥበቃ።

ሻዩን ማን አፈላ በሉኛ! ሊቀመንበሩ ራሳቸው ቀድተው አቀረቡልኝ። ብርጭቆውን በእነዚያው በሁለት ጣቶቼ ተቀበልኳቸው። በግራ እጅ መቀበል ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቀኜ ሽጉጡን ይዞ ሥራ ላይ ነበር።