ፊትሽን ወደዚህ

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶችና ሐዘንተኞች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ሠዓሊ፣ ደራሲና የፊልም ሰው አቶ ፍረዝጊ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሃብተኣብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርያ በ1951 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ተወለዱ። እኔ ታላቅ እህታቸው ርግኣት ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ቢከብደውም፣ የንባቡ ወግ ነውና አልጥሰውም። ይህን ዜና ሕይወት ራሳቸው ጽፈው ሦስት ገጽ ትተውልኛል፤ በየኅዳጉም አንባቢዋ የት ዝም እንደምትል፣ ካሜራው መቼ ወደ ሴቶቹ እንደሚዞር በቀይ እስክሪብቶ አመልክተዋል። ኑዛዜያቸው ይህ ቀብር ተቀርጾ የመጨረሻው ፊልማቸው መዝጊያ እንዲሆን ነው። ልጃቸው ማዕዶት ካሜራውን ይዛ እዚያ ቆማለች። ልፍቀድ አልፍቀድ፣ እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

አቶ ፍረዝጊ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአስመራ ካጠናቀቁ በኋላ፣ አዲስ አበባ እኔ ቤት ተቀምጠው ሥዕል ሲማሩ፣ መምህራቸው ፊት ሣል ሲሏቸው ጀርባ እየሣሉ ሦስት ዓመት ቆይተው ሳይመረቁ ወጡ። በ1983 ዓ.ም. እዚህ ናይሮቢ ገብተው፣ ከማታቱ ታክሲ ጋራዥ በለቀሙት የተቃጠለ ዘይት በአሮጌ አንሶላ ላይ ይሥሉ ጀመር። ሥዕላቸውን የገዛ አልነበረም። በተዉልኝ ገጽ ላይ «ጥበብ ያልገባው ማኅበረሰብ» ብለው የጻፉት ስለ እናንተ ነው።

ከወይዘሮ የውብዳር ጋር ጋብቻ መሥርተው ማዕዶትን ሲወልዱ፣ አንሶላ ቤተሰብ አያበላምና፣ እዚሁ ሳውዝ ሲ ሰፈር የሰርግና የቀብር ቪዲዮ መቅረጽ ያዙ። መምጣት ላልቻለ ዘመድ የሟቹን ቀብር ቀርጾ መላክ ልማዳችን ስለሆነ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ያለ እሳቸው የተቀበረ ሰው አልነበረንም።

በ2001 ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ልጄን ሂያብን በሞምባሳ መንገድ መኪና ገደለብኝ። ቀብሯን የቀረጹት አጎቷ ነበሩ። ሣጥኗ ላይ ወድቄ ስጮህ፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ ብርሃኑ ከኋላሽ ነው፣ ፊትሽን ወደዚህ አሉኝ። እኔም አዞርኩ። እሳቸውን ይቅር ብል እንኳ ራሴን ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሥራ ሰባት ዓመት ልቅሷችንን ቆራርጠው፣ ድምፁን አጥፍተው፣ «ፊትሽን ወደዚህ» የተባለውን ፊልም ሠሩ፤ ሐዘን ጭፈራ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍም አከሉበት። ፊልሙ ባሕር ማዶ ተሸለመ። ላቪንግተን፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሲታይ ተጋብዤ ሄጄ፣ የተከፈተ አፌን ግድግዳ አክሎ አየሁት፤ እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው ያጨበጭቡ ነበር። እድራችን ሰረዛቸው፤ ወይዘሮ የውብዳርም የእናታቸው ልቅሶ እዚያ ውስጥ ነበርና ልጃቸውን ይዘው ከትዳሩ ወጡ። አቶ ፍረዝጊ ግን አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቁም። እዚህ ላይ በቀይ የተጻፈው «አንባቢዋ ታልቅስ» ይላል። አላለቅስም።

ኩላሊታቸው ከደከመ በኋላ ሁለት ዓመት ታመው ተኙ። ያጠብኳቸው፣ የመገብኳቸው እኔ ነኝ፤ ወንድም ነውና አይጣልም። ሊሞቱ አራት ቀን ሲቀራቸው እጄን ሲይዙኝ፣ ያችን የይቅርታ ቃል ሊናገሩ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ፣ እዚያ ብርሃን አለ አሉኝ። ጠጋ አልኩ።

አቶ ፍረዝጊ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት እህት፣ ማንም ያልገዛቸው አርባ አንሶላዎችና በየፊልሙ ያለፈቃዳችን የምናለቅሰውን እኛን ትተው አልፈዋል። ለሰው እንባ ያልራሩትን ወንድሜን፣ እንባ አባሹ አምላክ ይራራላቸው፤ ሂያብንም በሰማይ ካገኟት ካሜራ ሳይዙ፣ ባዶ እጃቸውን ያገናኛቸው።

ዛሬ ሁላችሁም ነጠላችሁን እስከ ዓይናችሁ ተከናንባችሁ፣ አንድም ሰው ሳያለቅስ የቆማችሁት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማዕዶት ልጄ፣ ዝጊው። ቦርሳው ውስጥ ክተቺና ወደ እኔ ነይ።

እንግዲህ ለወንድሜ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ የሚያየን የለም።