ሁሉም ቁልፍ በአንድ ቀለበት

ከመድኃኒት ቤት ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ያረጀ ነጭ መኪና አጠገቤ ቆመ። ነጂው ጎረቤቴ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ባለቁልፉ» ይላቸዋል። የሳሎኑ፣ የጓዳው፣ የቁምሳጥኑ፣ የአጥሩ በር፣ ሌላው ቀርቶ የውኃ ቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ሳይቀር በአንድ ወፍራም ቀለበት ታስሮ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ይንጠለጠላል። ባለቤታቸው አንሶላ ለመቀየር እንኳ እሳቸውን ደጅ መጥናት አለባቸው። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም፤ አባወራ ማለት እንዲህ ነው ብለው አምነው ነው።

«ይግቡ መምህር፣ መንገዳችን አንድ ነው» አሉኝ። ገባሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ መኪናው አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለለና ጸጥ አለ። ሬዲዮው ተቋረጠ፣ ዳሽቦርዱ ጨለመ፣ መሪው ደረቀ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያንባረቀ ለጥቂት ሳተን። ባለቁልፉ በላብ ተጠምቀው የአደጋ መብራቱን አበሩ። ትንሽ ቆይተው ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ።

«እንዲህ ካደረገኝ ቆየ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ባትሪ ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፓምፕ ቀየርኩ። ዛሬ ከሰዓት ባለቤቴን ለኩላሊት እጥበት ማድረስ አለብኝ። ባለፈው መንገድ ላይ ቀርተን ተራዋ አልፏት ስትሠቃይ አደረች። ዛሬም ከቆመ ሁለተኛ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም ብላኛለች።»

«የእህትዎ ልጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ጋራዥ ከፍታ የለም እንዴ?»

«ትናንት አፍንጫዋን ስጠርግላት የነበረች ልጅ ናት እኔን የምታስተምረኝ?»

«እርስዎ የጠረጉላት አፍንጫዋን ነው፤ ጭንቅላቷን እሷው ሠርታበታለች» አልኳቸው። ሳይወዱ ሣቁና መሪውን ወደ ጋራዡ አዞሩ።

ጋራዡ ከዳቦ ቤት ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። መፍቻዎቹ በየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ከብዙ ሰው ሳሎን ይጸዳል። ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣችና አጎቷን ሳመች። እሳቸው ግን ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የባትሪውን ገመድ ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ!»

«ምን ሆንሽ? ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መሥራቱን የምናውቀው እንዲህ ነው። ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ካልጠፋ ደኅና ነው ማለት ነው። ስንት ዘመን የኖርንበት ዘዴ!»

«ለድሮዎቹ መኪኖች ይሆን ይሆናል ጋሼ። ይኼኛው ግን ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር አለው። ሞተሩ እየሠራ ገመዱ ሲነቀል ኃይሉ ድንገት ይጨምርና ሊያቃጥለው ይችላል። ይኼ የኤሌክትሪክ መለኪያ ምንም ሳንነቅል ይነግረናል።»

ለካች። ባትሪውም ዲናሞውም ደኅና ነበሩ።

«ታዲያ ምኑ ነው? እኔ እኮ ያልቀየርኩት ነገር የለም!»

«ሐኪም ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የት ጋ ነው የሚያምዎት ይባላሉ እንጂ ዘለው መርፌ አይወጉዎትም» አለች በትሕትና። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮት ምን ጠፋ?»

ባለቁልፉ ወደ እኔ ዞሩ። በድንጋጤ አላስተዋሉም ነበር። ሬዲዮውና ዳሽቦርዱ አብረው መጥፋታቸውን እኔ ነገርኳት።

«የአደጋ መብራቱስ?»

«እሱማ ቦግ ብሎ ይሠራ ነበር» አሉ አጎቷ።

የልጅቱ ፊት በራ። «ግማሹን መንገድ ጨረስን በሉኛ! ሬዲዮው እየዘፈነ ሞተሩ ብቻ ቢጠፋ ኖሮ ነዳጁንና ካንዴላውን እንጠረጥር ነበር። የአደጋ መብራቱም አብሮ ቢጨልም ባትሪውንና ገመዶቹን። እሱ ግን ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው ነው። የጠፉት ሁሉ የሚያገኙት ቁልፉ በሚገባበት ማብሪያ በኩል ነው።»

«ይሄማ ግምት ነው!»

«ልክ ነዎት፣ ገና ግምት ነው። ስለዚህ እንፈትነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ የራሱን ግምት ግምት ብሎ የሚጠራ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ልጅቱን በልቤ መረቅኋት።

ከማብሪያው በሚወጣው ሽቦ ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል አሰረች። ሞተሩ ሲነሳ አምፖሏም በራች። ከዚያ ያንን ከባድ የቁልፍ ዘለላ በጣቷ ወዘወዘችው። አምፖሏ ብልጭ ድርግም ብላ ጠፋች፤ ሞተሩም አብሯት ጸጥ አለ። የመኪናውን ቁልፍ ከዘለላው ፈትታ ብቻውን አስገብታ ብታስነሳው ግን ዳሽቦርዱን እየደበደበችው እንኳ አምፖሏ ንቅንቅ አላለችም።

«ማብሪያውን ያደከመው ይኼ ክብደት ነው ጋሼ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቁልፎቹ ወደ ታች ይጎትቱታል፤ የውስጡ ብረት ተበልቶ መነካካት አቃተው። አዲስ እገጥምልዎታለሁ። ይህን ሁሉ ካንጠለጠሉበት ግን አዲሱም ዕድሜ የለውም።»

«የቤት ቁልፍ ከአባወራ እጅ ከወጣ ቤቱ ምኑን ቤት ሆነ?»

«እትዬ ሰርቀው ያውቃሉ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣት!» ብለው ተቆጡ።

«ታዲያ ቁምሳጥኑን የሚቆልፉት በማን ላይ ነው?»

ባለቁልፉ ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። «እንግዲያው ያን ቀን መንገድ ላይ ያስቀራት የኔ ቁልፍ ነው በይኛ» አሉ ቀስ ብለው። ልጅቱ አዲስ ማብሪያ ከመደርደሪያ አወረደች።

ማብሪያው ተቀይሮ ስንመለስ ባለቁልፉ መንገዱን ሙሉ ሰበኩኝ። ሳይለኩ መቀየር ደኅናውን ዕቃ ከበሽተኛው ጋር መጣል መሆኑን፣ መኪና ሲቆም ምን እንደበራና ምን እንደጠፋ ማየት ከጓደኛ ምክር ሁሉ እንደሚበልጥ፣ የመኪና ቁልፍም ብቻውን መሆን እንዳለበት፤ ሁሉንም እኔ እንዳልሰማሁት ሁሉ። አልተቃወምኳቸውም፤ እንዲህ ያለ ተማሪ ከየት ይገኛል?

ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው መኪናውን በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ባለቁልፉ ወርደው ዘለላውን እንዳለ ሚስታቸው መዳፍ ላይ አኖሩት። «ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ይሁን» አሉ። ሴትየዋ አንዴ ቁልፎቹን፣ አንዴ ባላቸውን አዩና ዘለላውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው መኪናው ውስጥ ገቡ፤ እኔም ልሸኛቸው ብዬ ከኋላ ተቀምጬ ቀረሁ።

አደባባዩ ጋ ያው ጉድጓድ ጠበቀን። መኪናው ሲዘል ሴትየዋ የበሩን እጀታ ጭምቅ አድርገው ያዙ። ሞተሩ ግን ማጉረምረሙን አላቋረጠም። ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱና ቦርሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ስንመለስ ታዲያ ከኋላዬ ተከተል» አሏቸው ፈገግ ብለው። «በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።»