ለቲማቲም አሜን

ከመቂ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስንሄድ ነው። ልጄን ታቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ አንድ ወጣት መምህርና አንድ ሽማግሌ የሽንኩርት ነጋዴ ያወራሉ።

«ምንድን ነው የምታስተምረው ልጄ?»

«ዐረብኛ፣ አባባ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለነገረ መለኮት ተማሪዎች።»

«ማሻአላህ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሳስተምር መጥተው ያዩኛል። ተማሪዎቹ በዐረብኛ ካልመለሱልኝ ኮንትራቴ አይታደስም።»

«አይመልሱም?»

«አሜን ነው የሚሉኝ! "አህያዬ ታማለች" ብዬ ሳነብላቸው፣ አሜን። "ቲማቲም በስንት ነው?" ስላቸው፣ አሜን።»

«ለቲማቲም?»

«ዐረብኛ ሁሉ ጸሎት ይመስላቸዋል። አንዷማ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትማረው።»

«አይ የዘንድሮ ተማሪ! እስቲ በእኔ ሞክረው። በልጅነቴ ከሼኽ ዘንድ ቁርአን ቀርቻለሁ።»

መምህሩ ደብተሩን ገልጦ አንድ ዐረፍተ ነገር ረጋ ብሎ አነበበ።

«አሚን!» አሉ ሽማግሌው፣ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው።

«አባባ፣ "መስኮቱን በሙሉ ክፈቱት" ነው እኮ ያልኩት!»

«አስተግፊሩላህ! በዚህ ነፋስ?»

«እርስዎም እንደነሱ ከሆኑ፣ በቃ ዛሬ አለቀልኝ።»

እኔም ሲያነብ በልቤ አሜን ብዬ ነበርና፣ መስኮቱ ሳይከፈት ቶሎ ብዬ የልጄን አንገት በነጠላዬ ሸፈንኩት።