ጭሮን ሰጥተንሃል

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፤ የእድራችን ሽማግሌዎች፤ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ላይ ቆማችሁ ከእኛ ጋር የምታለቅሱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፤ ከገለምሶ፣ ከሂርና፣ ከበደሳ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግራችሁን እንቅፋት አይምታው። ልጄ ሩሐማ፣ አንቺን ደግሞ የአባትሽ አምላክ ያጽናሽ።

እኔ መኮንን ነኝ፤ ልብስ ሰፊው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ንግግር አላውቅም። እድሩ ግን ጓደኛው ነህና የሕይወት ታሪኩን አንብብ ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። እንዳሻው መቼ እንደተወለደ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ እንደኖረ ይላል። አንድ ልጅ አሳድጎ እንደዳረ ይላል። መጨረሻው ላይ «እሑድ ዕለት በተኙበት በሰላም አረፉ» ይላል።

ይህን የመጨረሻውን መስመር ለእድሩ ጸሐፊ የነገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

የዛሬውን ጭጋግ ታዩታላችሁ። እንዳሻው ቢኖር ይሄኔ ጽፎልን ነበር። «ጭጋጉ ተራራውን ውጦ ገበያው ጋ ደርሷል፤ ልብስ ያሰጣችሁ አስገቡ» ይለን ነበር። ዛሬ ማንም አልነገረንም። ጭጋጉ ዝም ብሎ መጣ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ አለን። ስሙ «ቁርስ ምን በላችሁ» ነው። ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የተሰባሰብን ሠላሳ አራት ሰዎች ነን። ቁም ነገር አይወራበትም። የአሰቦት ሙቀት፣ የሂርና ዝናብ፣ የማን ዶሮ የማን ጣራ ላይ እንደወጣች፣ «እኛ ጋ መብራት ሄደ፤ እናንተስ ጋ?» ይኸው ነው ወሬያችን። ተራ ወሬ። ልጆቻችን ያፍሩብናል።

እኔ እንዴት ገባሁ? ባለቤቴ ፈለቀች ካረፈች በኋላ፣ አርባዋ ሳይደርስ፣ እንዳሻው ሱቄ መጣ። ጨርቁን ማሽኑ ላይ ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ። አልሰፋም። እሱም አላጽናናኝም። «ቁርስ ምን በላህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «እንግዲያው እሱን ጻፈው» አለና ስልኬን ተቀብሎ ግሩፑ ውስጥ ከተተኝ። «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ሙሚና፣ ያቺ በሩ ላይ የቆመችው፣ ገለምሶ ጫት የምትነግደው፣ ያኔ መልኳን እንኳ አላውቅም፤ ወዲያው መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ምንም የሚባል ቁርስ በኛ አገር የለም። አሁን ካልበሉ ዋላሂ እዚያው ድረስ እመጣለሁ!»

ዳቦ ገዝቼ በላሁ። ፈለቀችን ከቀበርኩ ወዲህ ከሰው ጋር የበላሁት የመጀመሪያው ቁርስ ያ ነው። አጠገቤ ማንም አልነበረም። ግን ከሰው ጋር በላሁ። ያን ቀን እንዳሻው የእኔን በር አንኳኳ።

እሱ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። በከተማችን በጭሮ ያላንኳኳው የማን በር አለ? «ቆጣሪ!» ብሎ ሲጮህ ውሻ እንኳ ይለየው ነበር። የታመመ ካለ ከሁላችን በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ለምን? ደጅ ቆሞ አይመለስማ። ይገባል።

ጡረታ ሲወጣ በሮቹ ቀሩበት፤ ልጁ ሩሐማም አግብታ ድሬዳዋ ስለሄደች ብቻውን ቀረ። በበሮቹ ፈንታ እንቆቅልሽ አመጣልን። በየቀኑ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳያዛንፍ፣ «አካም ቡልተን፤ እንዴት አደራችሁ፤ እንቆቅልሽ!» ብሎ ይጽፋል። እኛ «ምን አውቅልህ» እንላለን። ካቃተን «አገር ስጡኝ» ይላል፤ አገር እንሰጠዋለን። እንደ ልጅነታችን። ሂርናን ሰጠነው። በደሳን ሰጠነው። አሰቦትን ከነበረሃው ሰጠነው።

ገለምሶን የሰጠችው ሙሚና ናት። «ጠዋት ጎረምሳ፣ ከሰዓት ሽማግሌ፣ ማታ ጥራጊ» አለን። ሙሚና ስትፈልግ ዋለች፤ አጣችው። መልሱ ጫት ነበር። ሃያ ዓመት የሸጠችው ጫት! በሳምንቱ እንዳሻው ሚኒባስ ተሳፍሮ ገለምሶ ወረደና መደቧ ፊት ቆመ። «ግዛቴን ልጎበኝ መጥቻለሁ። ይህ ጥላ የማን ነው? ማን ፈቅዶልሽ ነው?» ሙሚናም አልተሸነፈች፤ «ንጉሥ ሆይ፣ መጀመሪያ ገበያውን ይጥረጉልኛ!» አለችው። መጥረጊያ ይዞ የተነሳው ፎቶ አሁንም አለ። አያችሁ፣ አገር ሲሰጡት እንኳ ሰው ጋ መሄጃ ነበር የሚያደርገው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ።

የጨዋታው ዳኛ እኔ ነበርኩ። እንዳሻው መልሱን ቶሎ ስለሚያወጣ ሕግ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ጠያቂው ጠዋት ከጠየቀ በኋላ እስከ ማታ ትንፍሽ አይልም። ቡርሃን፣ ባጃጅ ነጂው፣ አንድ ቀን እንዳሻው ቤት ድረስ ሄዶ መልሱን ሰርቆ መጣ። ሁለተኛውን ሕግ ጨመርኩ። እንቆቅልሽ በተጠየቀ ቀን ማንም የጠያቂውን በር አያንኳኳም። በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሠላሳ አራታችንም «እሺ» አልን።

ያለፈው ሐሙስ እንዳሻው በድምፅ ሲናገር ምላሱ ከበደው። ቡርሃን «ጋሽዬ፣ ጥርስ አስነቅለው ነው እንዴ?» አለው። ሳቅን። አርብ «ግራ እጄን ደነዘዘኝ» ብሎ ጻፈ። እኔ «ስልክ መነካካት ሲበዛ ነው» አልኩት። ሳቅን። ቅዳሜ የአርቡን እንቆቅልሽ መልሶ ጠየቀን። ሳቅን። ሦስት ቀን ሞት ደጁ ላይ ተመላለሰ፤ ሦስት ቀን እኛ ሳቅን።

እሑድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት መጣ። ቃል በቃል እነግራችኋለሁ። «መነሳት አቃተኝ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።»

በቃ። ሰላምታ የለበትም። «እንቆቅልሽ» የሚል የለበትም። ሰዓቱ ግን የእንቆቅልሽ ሰዓት ነበር። ሙሚና «ዛሬስ አሳጠሩት ጋሼ» አለች። መልሱ ወረደ። «ኤሊ!» «ቀንድ አውጣ!» «እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት!»

እኔ እዚህ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ከዚህ ግቢ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። መንገዴ በእንዳሻው ደጅ ነው። ያንን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ታውቁታላችሁ። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ላንኳኳ አይደለም፤ ልጽፍ። በሩ ፊት ለፊት ቆሜ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ «ሰኞ ጠዋት ሰነፍ ተማሪ!» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ቀልድ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፤ መሃላችን አንድ ቆርቆሮ። ሳቄን ሰምቶት ይሆን?

ላንኳኳ አላሰብኩም ወይ? አስቤያለሁ። እጄ ከኪሴ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ትዝ አለኝ፤ መለስኩት። ቆርቤ እየመጣሁ፣ የጨዋታ ሕግ እንዳልጥስ ተጠነቀቅኩ።

አምስት ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። አስራ አንድ ሰከንድ። ቃል የለበትም። ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ይስባል፣ ይቆማል፣ ይስባል። ቡርሃን «ፍንጭ ሰጠ! ፍንጭ ሰጠ!» አለ። ሙሚና «ወናፍ! የቀጥቃጭ ወናፍ ነው!» አለች። እኔስ ምን አልኩ? «በሕጉ መሠረት ፍንጭ ክልክል ነው፤ ዳኛው ይቀጣል» አልኩ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተሸነፍን። ያልሰጠነው አገር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሷን ስንሰስት ነው የኖርነው። «እጅ ሰጥተናል። ጭሮን ሰጥተንሃል። በል መልሱን ንገረን» ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱን ማን እንዳየው ስልኩ ያሳያል። ካዩት ሰዎች መሃል የእንዳሻው ስም አለ። አይቶታል። ጭሮን እንደሰጠነው አውቆ ነው የሄደው።

ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ዝም አለ። «ጭሮን ሊረከብ ወጥቷል» ተባባልን። ረፋድ ላይ ቡርሃን ሆዱ አልችል ብሎት ሄደ፤ አንኳኳ፤ በሩን ሰበረ። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝን ዛሬ ለሁላችሁ እናገራለሁ። እሑድ ማታም ነፍሱ አልወጣችም ነበር።

እሱን ካወጣነው በኋላ ግሩፑን ከፈትኩ። ዓይኔ እያየ መልሶቹ ይጠፋሉ። አንዱ ኤሊውን አጠፋ። አንዱ ጫጩቱን አጠፋ። ወናፉ ጠፋ። ማንም ለማንም አልተናገረም። እኔም የእኔን አጠፋሁ። አሁን ብትከፍቱት ያለው የእንዳሻው ሁለት መስመርና ትንፋሹ ነው። ከሥሩ ባዶ ነው። ነውራችንን የደበቅን መስሎን፣ ጮሆ ማንም ያልመለሰለት ሰው አደረግነው።

ሩሐማ ልጄ። ሰኞ ከድሬዳዋ እንደደረስሽ ጠየቅሽኝ። «ጋሼ መኮንን፣ አባቴ ያን ቀን ለማንም አልጻፈም?» አልሽኝ። እኔ «አላየሁም» አልኩሽ። አይቻለሁ ልጄ። ጽፎ ነበር። ለሠላሳ ሦስታችን ጽፎ ነበር። በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስልኬ ይኸው። ከዚህ ስንወጣ እሰጥሻለሁ፤ ትንፋሹም እዚያ አለ። ብትሰሚው ያንቺ ነው፤ ባትሰሚውም ያንቺ ነው። እኔን ይቅር በዪኝ ብዬ በሕዝብ ፊት አላስገድድሽም። ይቅርታ የሚሰጥበት ቀን ያንቺ ነው።

ሙሚና፣ ቡርሃን፣ ስማችሁን የጠራሁት ልከሳችሁ አይደለም። እናንተ የታዘዛችሁትን ሕግ የጻፈው እኔ ነኝ። ንስሐ ገባሁ፤ ለነፍስ አባቴም ተናገርኩ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ እኔም በሬን ከውስጥ ነበር የምቆልፈው። ከሰኞ ወዲህ ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው። ሌባ ቢገባ ይግባ።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ከሰኞ ወዲህ ግሩፑ ዝም ብሏል። ማን ከሐፍረት ዝም እንዳለ፣ ማን መነሳት አቅቶት ዝም እንዳለ በምን እንለያለን? ሽፈራው፣ ላይ ሰፈር ያለው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከእሑድ ወዲህ ፊደል አልጻፈም። ስናገር ሳለሁ በዓይኔ ስፈልገው ነበር። እዚህ የለም። ያየው አለ?

ማንም አላየውም።

እንግዲህ ቡርሃን፣ ባጃጁን ወደ ላይ አዙራት። አፈሩን እንደመለስን እኔና አንተ እንሄዳለን። ድንኳኑ ይቆየናል። ደህና ከሆነ ይስደበን፤ ደስታዬ ነው። ሕጉን ዛሬ ጠዋት ሰርዤዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዝም ያለ ሰው በር ይንኳኳል።

እንዳሻው ወንድሜ። ጭሮን ሰጥተንህ ነበር። ተራራዋን፣ ገበያዋን፣ የአዲስ አበባውን አስፋልት፣ በሮቿን በሙሉ። አንተ ግን አገር አልጠየቅከንም። የጠየቅከው አንድ ሰው ነበር፤ ደጅህ ላይ ቆሞ የሚጮህ አንድ ሰው። ሁሉን ሰጠንህ፤ እሱን ነፈግንህ። አሁን ከጭሮ የምትወስደው ይህቺን ቁመትህን ያህል ነው።

አባቶች፣ ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ፍቀዱልኝ። እሑድ የመለስኳት እጅ ይህቺ ናት። አንድ ጊዜ ላንኳኳ።

ቆጣሪ! እንዳሻው፣ ቆጣሪ!

መኮንን ነኝ። መጣሁ። ደህና ሁን ወንድሜ፤ በሩን ከዚያ ወዲያ ያለው ጌታ ይክፈትልህ።