የፊት ጎማው ብቻ ቀረ

በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በዋግ አውራጃ፣ በሰቆጣ ከተማ የተወሰደ የምስክር ቃል

ስም፦ አሥራተ ማርያም ወልደ ኢየሱስ
ዕድሜ፦ 23
ሥራ፦ የሕንፃ ሥራ ቴክኒሻን
አድራሻ፦ ሰቆጣ፣ ቀበሌ 02
ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ስለ ጠፋ ብስክሌትና በጉዳዩ ስለ ተያዙት ዘበኛ

የተወለድሁት እዚሁ ሰቆጣ ሲሆን፣ ባለፈው ሐምሌ በዲፕሎማ ተመርቄ ተመልሻለሁ። ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች በሚሠሩት አሥራ ሁለት አዲስ ቤቶች ግቢ ያለውን የብስክሌት ማቆሚያ የነደፍሁት እኔ ነኝ። ስለ ማቆሚያው አሳጥሬ እንድናገር ቢነገረኝም፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያው ስለ ሆነ መዘርዘር ይኖርብኛል።

ማቆሚያው የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ከስድስት ቤቶች መስኮት ይታያል። ደረጃ የለውም። አዋላጇ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዕቃዋን እንደ ጫነች ብስክሌቷን ብቻዋን ገፍታ እንድታስገባ መግቢያውን በድንጋይ ንጣፍ ተዳፋት አድርጌዋለሁ። በር አላደረግሁለትም፤ ምጥ የያዛት ሴት ቁልፍ እስኪፈለግ አትጠብቅም። በበሩ ፈንታ የእያንዳንዱ ብስክሌት የፊት ጎማ የሚታሰርበት ብረት በሲሚንቶ ተክያለሁ። እንዲህ ያለ ማቆሚያ በአውራጃችን ሌላ አላየሁም። ንድፉም ለሌሎች ከተሞች አርአያ እንዲሆን በስሜ ታሽጎ ወደ ደሴ ሊላክ ነበር።

ብረቱን በምንተክልበት ቀን የግቢው ዘበኛ አቶ ገብረ ሊባኖስ፣ ቀድሞ ከነጋዴ ጋር በቅሎ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ በቅሎን በእግሯ ብቻ አስረህ ትሄዳለህ? እግር ብቻ ያሰረ፣ እግር ብቻ ይቀርለታል» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ ይህ በቅሎ አይደለም፤ አይራገጥም» ብዬ ሳቅሁባቸው። «እሱስ አይራገጥም። ሌባው ግን እጅ አለው» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ግንቦት 8 ቀን ማክሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ጠርታኝ ስሄድ፣ የብስክሌቷ የፊት ጎማ ሰንሰለቱና ቁልፉ ሳይነካ ከብረቱ ጋር ታስሮ ቆሟል። ሌላው የለም። ጎማውን ከብስክሌቱ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ሁለት ዳዶዎች ተፈትተው መሬት ላይ ወድቀው አገኘሁ። ያን ዕለት ለግድግዳ ልስን ጭድ የጫኑ አህዮች ሲገቡ ነበር፤ የአንዱ ጭነት ረጥቧል ተብሎ እንደ ተጫነ ተመልሶ ወጥቷል። የፊት ጎማ የሌለው ብስክሌት በጭድ መረብ ውስጥ እንደሚገባ በሌላ ብስክሌት ሞክሬ አረጋግጫለሁ። የቤት ሠሪ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ዘበኛው ካልተባበረ በምን ይወጣል?» በማለታቸው አቶ ገብረ ሊባኖስ በዚያው ቀን ታሰሩ።

በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት የብስክሌት ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ አቶ ያሲን ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ። «አንድ ጭድ ሻጭ ሙሉ የፊት ጎማ ፈልጎ መጣ። አሮጌውን አምጣና ልለካው ስለው፣ የለም አለኝ። ወንድሜ፣ ጎማ ያረጃል እንጂ ከነብረቱ ይተናል እንዴ?» አለኝ። ሰውዬው ነገ ቅዳሜ ጎማውን ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል። አቶ ያሲንም ለመመስከር ፈቃደኛ ነው።

ሊቀመንበሩ «ጉድለት አለው ብለህ ከተናገርህ ንድፍህ ደሴን አያይም» ብለውኛል። ይህን እያወቅሁ እናገራለሁ፤ ጉድለቱ የእኔ ነው። አቶ ገብረ ሊባኖስ የሌባ ተባባሪ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሌባው የሚገባበትን ቀዳዳ አስቀድመው አያሳዩኝም ነበር።

ትናንት ከከተማው አንጥረኛ ጋር ሆነን የብስክሌቱን ወገብና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ የሚይዝ ሁለተኛ ብረት በየቦታው ጨምረናል። ዛሬ ማለዳ እኔው ራሴ መፍቻ ይዤ ግማሽ ሰዓት ታግዬ ማውጣት አቃተኝ። ይህን የምናገረው በኩራት መሆኑ ይጻፍልኝ። አዲሱን ንድፍ ከቃሌ ጋር አያይዣለሁ። «ነዳፊ» በሚለው ቦታ ሁለት ስም አለ፤ የላይኛው የአቶ ገብረ ሊባኖስ ነው። ተፈትተው መጥተው የጣት አሻራቸውን እንዲያኖሩበት ቦታ ትቻለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሠራሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ እንደ ሆነው ተናግሬያለሁ ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ አሥራተ ማርያም ወልደ ኢየሱስ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ገብረ አማኑኤል (ፊርማ)
አባሪ፦ ንድፍ፣ አንድ ገጽ። የአንደኛው ነዳፊ አሻራ ይቀረዋል።