በትንኝ እጮች ሞት ስለታሰረው ዊክሊፍ ኦዌሬ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ዶ/ር ሮዛሊን አኬዮ ኦምቦጎ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የወባ ትንኝ ተመራማሪ
አድራሻ፦ ኪሱሙ፣ ዱንጋ
ቀን፦ እሁድ፣ ጁላይ 13 ቀን 2014

ባለፈው ዓርብ በዚሁ ጣቢያ በሰጠሁት ቃል ምክንያት የተያዘውን የሥራ ባልደረባዬን ዊክሊፍ ኦዌሬን በሚመለከት እንደገና ቃሌን እሰጣለሁ።

በምንሠራበት ቤተ ሙከራ ለምርምር የምናረባቸው የትንኝ እጮች በየሳፋቸው በተደጋጋሚ እየሞቱ ተቸገርን። ውሃውን ቀየርኩ፣ ምግባቸውን ለወጥኩ፣ የክፍሉን ሙቀት አስተካከልኩ፤ መፍትሔ አላገኘሁም። ዊክሊፍ በስብሰባ ላይ የምርምሬን ሐሳብ አጥብቆ ተቃውሞ ስለነበር መርዝ የጨመረው እሱ ነው ብዬ ዓርብ ጠዋት አመለከትኩ። ፖሊሶች ሲወስዱት፣ "አኬዮ፣ ነገ አባቴን እንደምቀብር ታውቂ የለ? የበኩር ልጅ እኮ ነኝ!" አለኝ። "ይህን መርዙን ስትጨምር ማሰብ ነበረብህ" ብዬ በሰው ፊት መለስኩለት።

ዓርብ ከሰዓት አዳዲስ እጮች በሳፋዎቹ አድርጌ፣ መግቤያቸው፣ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስከፍት ሁሉም ሞተው አገኘኋቸው። ዊክሊፍ በዚያ ጊዜ እዚህ ታስሮ ነበር። እሱ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ አቅራቢያ ሴሜ ስለነበር ወዲያው መጥቼ ብናገር ይደርስ ነበር። አልመጣሁም። ምክንያቱን ሳላገኝ ብናገር መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ዕለት ሚልካ የተባለችውን ባልደረባዬን ጠርቼ ሳፋዎቹን ለሁለት ተካፍለን መገብን። ዛሬ ጠዋት የእሷ እጮች ይዋኛሉ፣ የእኔ ሞተዋል።

"እጅሽን ታጥበሽ ነበር?" አለችኝ።

"በሳሙና፣ እስከ ክርኔ።"

"ሰዓትሽንስ?"

ቤቴ ጠዋት ጠዋት የእናቴን ላሞች የመዥገር መድኃኒት እረጫለሁ። የሰዓቴ ማሰሪያ መድኃኒቱን የሚመጥ ጨርቅ ነው። ፈትቼ ከሚልካ ሳፋዎች በአንዱ ነከርኩት። እጮቹ እያየናቸው ተንፈራግጠው ቀሩ። ሚልካ "እሰይ! አገኘነው!" ብላ አቀፈችኝ። ወዲያው ግን ለቀቀችኝና፣ "ታዲያ ዊክሊፍ እስካሁን እዚያ ምን ይሠራል?" አለች።

ወደዚህ እንደመጣሁ ታስሮ ባለበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። "ትናንት ጠዋት አውቀሽ ነበር?" ሲል ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዊክሊፍ ምንም ጥፋት ስለሌለበት አሁኑኑ እንዲለቀቅ፣ እኔም እሱን በሐሰት በመወንጀሌ በሕግ እንድጠየቅ አመለክታለሁ። ሳጅን ኪፕሮኖ ድርጊቴን "በስህተት" ብሎ ጽፎት ነበር። የዓርቡ ስህተት ነው፤ የቅዳሜው ግን አውቄ ያደረግሁት ነው ስላልኩ በቃሌ መሠረት ተስተካክሏል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተናገርኩት ነው፤ የሚቀነስ ነገር የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ሮዛሊን አኬዮ ኦምቦጎ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኪፕሮኖ